በክሪስታል ቫዮሌት ባክቴሪያን ማቅለም፦ የግራም ዘዴ ከቀለሙ ዝግጅት እስከ ውጤቱ ንባብ

ጄንሺያን ቫዮሌት፣ በብዙዎች አፍ ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ መድኃኒት፣ ቁስል ላይ ሲቀባ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ይኸው ቀለም በቤተ ሙከራ ውስጥ ሌላ ትልቅ ሥራ አለው። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ውሃ የሚመስሉትን ባክቴሪያዎች ቀለም ይሰጣቸዋል፤ ከዚያም ባለፈ በግድግዳቸው አሠራር ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ ሐምራዊውን ይዘው የሚቀሩት ግራም ፖዘቲቭ፣ ለቀውት ሮዝ የሚሆኑት ግራም ኔጋቲቭ ይባላሉ። ዘዴው በዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም ስም ይጠራል። ግራም በርሊን ውስጥ በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን የሳንባ ሥጋ ሲመረምር ነበር ዘዴውን ያገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ሲያሳትመውም ገና ብዙ ጉድለት እንዳለበት ራሱ ጽፏል።

ጉድለቱ ዛሬም አለ። የግራም ዘዴ አራት ፈሳሾች ብቻ ስለሚፈልግና በአምስት ደቂቃ ስለሚያልቅ ቀላል ይመስላል፤ ስለዚህም ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው። ከአራቱ ፈሳሾች ሦስቱ ይቅር ባዮች ናቸው፤ አንድ ደቂቃ የተባለውን ሁለት ደቂቃ ቢያቆዩአቸው ብዙ አይቀየሙም። አልኮሉ ግን በሰከንድ ይቆጥራል። ይህ መመሪያ ለተማሪዎችና ለጀማሪ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች የተጻፈ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚወስደውም ሥራው በሚበላሽባቸው ቦታዎች ላይ ነው።

የትኛውን ቀለም መግዛት?

በገበያ ላይ የሚገኙት ሐምራዊ ቀለሞች ዘመዳሞች ናቸው። ሜቲል ቫዮሌት የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1861 ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሻርል ሎት ነው። አንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን ድብልቅ ነው፤ በናይትሮጅኖቹ ላይ አራት፣ አምስት ወይም ስድስት የሜቲል ቡድኖች የያዙ ሞለኪውሎች አብረው ይገኙበታል። ስድስቱንም የያዘው ብቻውን ሲሆን ክሪስታል ቫዮሌት ይባላል፤ ሜቲል ቫዮሌት 10ቢ የሚል ጽሑፍ ካዩም እሱው ነው። ጄንሺያን ቫዮሌት የሚለው የቆየ ስም ደግሞ አንዳንዴ ለንጹሑ፣ አንዳንዴ ለድብልቁ ይውላል።

ለግራም ዘዴ ንጹሑን ክሪስታል ቫዮሌት ይግዙ። ድብልቁ ከጣሳ ጣሳ ስለሚለያይ ትናንት በትክክል የሠራው የጊዜ አቆጣጠር ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

ዱቄቱን ሲመዝኑ ጓንት፣ ካፖርትና የዓይን መከላከያ አይርሱ፤ የአየር ማራገቢያም ይጥፋ። ዱቄቱ እጅግ ቀላልና የሚበን ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ለረጅም ጊዜ በተመገቡት አይጦች ላይም ካንሰር ማስከተሉ ታይቷል። ሚዛኑ ላይ ያልታየች ቅንጣት በማግስቱ ውሃ ሲነካት ጠረጴዛውን በሙሉ ሐምራዊ ታደርገዋለች፤ ስለዚህ ከሚዛኑ ሥር ወረቀት ማንጠፍ ከድካም ያድናል።

ደረጃ 1፦ አራቱን ፈሳሾች ማዘጋጀት

*ክሪስታል ቫዮሌት።* ሀከር በተባለው ተመራማሪ ስም የሚታወቀው ቅመም ከሁሉም ይበልጥ ረጅም ዕድሜ አለው። በአንድ ቢከር ውስጥ 2 ግራም ክሪስታል ቫዮሌት በ20 ሚሊ ሊትር የ95 በመቶ ኤታኖል ያሟሙ። በሌላ ቢከር 0.8 ግራም አሞኒየም ኦክሳሌት በ80 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ ያሟሙ። ሁለቱን ይቀላቅሉ፤ 24 ሰዓት ያሳድሩት፤ ከዚያ በማጣሪያ ወረቀት አጥልለው በጠርሙስ ይክደኑት። ማሳደሩንም ማጥለሉንም አይዝለሉ። ያልተጠለለ ቀለም ስላይድ (ናሙናው የሚነጠፍበት መስታወት) ላይ ጥቃቅን ሐምራዊ ፍንጣሪዎችን ይተዋል፤ እነዚህ ፍንጣሪዎች ክብ ባክቴሪያ መስለው ብዙ ጀማሪ አታለዋል። ጠርሙሱ ለወራት ከተቀመጠ በኋላም ደግሞ ማጥለል ያስፈልጋል።

*አዮዲን።* 2 ግራም ፖታሺየም አዮዳይድ በጥቂት ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙ፤ በላዩ 1 ግራም አዮዲን ጨምረው እስኪሟሟ ያማስሉ፤ ከዚያ በዲስትልድ ውሃ 300 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አዮዲን ብቻውን በውሃ ውስጥ በጭንቅ ነው የሚሟሟው፤ የሚያሟሟው አዮዳይዱ ነው። በቡናማ ጠርሙስ፣ ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ። ቀለሙ ከቡናማነት ወደ ገረጣ ቢጫ ከተለወጠ ይጣል፤ አቅም ያጣ አዮዲን ግራም ፖዘቲቭ የሆነውን ኔጋቲቭ ያስመስላል።

*ቀለም አስለቃቂ።* የ95 በመቶ ኤታኖል ብቻውን፣ ወይም ኤታኖልና አሴቶን እኩል ለእኩል። አሴቶን ያለበት ፈጣን ነው። ለሚማር ሰው ኤታኖሉን ብቻውን እመርጣለሁ፤ ዝግተኛ ስለሆነ ለመሳሳትም ለመታረምም ጊዜ ይሰጣል። ሁለቱም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ።

*ሳፍራኒን።* 2.5 ግራም ሳፍራኒን ኦ በ100 ሚሊ ሊትር የ95 በመቶ ኤታኖል ይሟሟና እንደ እናት ጠርሙስ ይቀመጣል። ለሥራ ሲፈለግ ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር በ90 ሚሊ ሊትር ውሃ ይቀጥናል።

በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ስሙን፣ የተዘጋጀበትን ቀንና ያዘጋጀውን ሰው ይጻፉ።

ቀለሙን በአሲድ መፈተሽ

ይህ ክፍል ለማቅለም ግድ አይደለም። ነገር ግን ቀለሙ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው በዓይን ስለሚያሳይ፣ በተለይ ለሚያስተምሩ ሰዎች እንዲቀር አልፈልግም። ክሪስታል ቫዮሌትና ሜቲል ቫዮሌት የአሲድ አመልካቾችም ናቸው፤ የሚያመለክቱት ግን እጅግ ብርቱ የሆነውን አሲድ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ አሲዱን ያዘጋጁ። 8.3 ሚሊ ሊትር የ37 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ ያፍስሱና 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱት፤ ይህ 1 ሞላር ነው። ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይፈስም። ከዚህ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ሲቀጥን 0.1 ሞላር ይሆናል። ጭስ የሚስብ መከላከያ ባለበት ቦታ ይሥሩ።

ሦስት የሙከራ ቱቦ ያሰልፉ፤ በአንደኛው ውሃ፣ በሁለተኛው 0.1 ሞላር፣ በሦስተኛው 1 ሞላር አሲድ ይሁን። በውሃ በጣም ከቀጠነ ክሪስታል ቫዮሌት በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ጠብታ ይጨምሩ። በውሃው ሐምራዊ ሆኖ ይቆያል። በ0.1 ሞላር አሲድ፣ ማለትም በፒኤች 1 አካባቢ፣ ወደ አረንጓዴ ያደላል። በ1 ሞላር ደግሞ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ውሃ ሲጨመርበት ሐምራዊው ይመለሳል።

ምክንያቱ የሞለኪውሉ ቅርጽ ነው። ማዕከላዊውን ካርቦን ሦስት የቤንዚን ቀለበቶች ከበውታል፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ጫፍ ናይትሮጅን አለ። ሦስቱም ናይትሮጅኖች ኤሌክትሮኖቻቸውን ሲያዋጡ ሞለኪውሉ ወደ 590 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ቢጫ ብርሃን ይውጥና ለዓይን ሐምራዊ ይታያል። አሲዱ አንዱን ናይትሮጅን በፕሮቶን ሲይዝበት አረንጓዴ፣ ሁለተኛውንም ሲይዝበት ቢጫ ይሆናል። በተቃራኒው ጥቂት የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መሟሙት ቢጨመርበት ሃይድሮክሳይዱ ማዕከላዊውን ካርቦን ያጠቃና ቀለሙ በደቂቃዎች ውስጥ እየደበዘዘ ይጠፋል። የኬሚስትሪ መምህራን የአጸግብሮት ፍጥነትን የሚያስለኩት በዚሁ ነው። የመድኃኒት ቁጥጥር ቤተ ሙከራዎችም መድኃኒቶችን በአሴቲክ አሲድ ውስጥ አሟሙተው በፐርክሎሪክ አሲድ ሲለኩ ማብቂያውን የሚያውቁት ክሪስታል ቫዮሌት ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊና ሰማያዊ አረንጓዴ ሲለወጥ አይተው ነው።

ለማቅለም ሥራ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው፦ አሲድ ያለበት አልኮል ከግራም መደርደሪያ አጠገብ አይቀመጥ። ለሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ማቅለሚያ የሚያገለግለው አሲድ አልኮል በስህተት ከተነሳ፣ ያያችሁት ሁሉ ሮዝ የሆነበት ቀን ይመጣል።

ደረጃ 2፦ ስሚር (በስላይድ ላይ በስሱ የተነጠፈ ናሙና) መሥራት

ስላይዱን በአልኮል ጠርገው ያድርቁ። የጣት ቅባት ካለበት ጠብታው አይነጠፍም፤ እየሸሸ ይንከባለላል። ከአንዱ ጫፍ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ በአልኮል ይታጠባል።

ናሙናው በጠጣር ምግብ ላይ ያደገ ከሆነ፣ መጀመሪያ ትንሽ የውሃ ጠብታ ስላይዱ ላይ ያኑሩ። ሉፑን (ባክቴሪያ የሚነሳበትን የሽቦ ቀለበት) በእሳት አግለው ያቀዝቅዙና ከባክቴሪያው ክምር (ኮሎኒ) ጫፍ በጣም ጥቂት ይንኩ። ጥቂት ማለት በሉፑ ላይ መኖሩ የሚያጠራጥር ያህል ነው። በጠብታው ውስጥ እያሽከረከሩ የሳንቲም ስፋት እስኪኖረው ይንጠፉት። በፈሳሽ ያደገ ከሆነ ውሃ አያስፈልገውም። ዕድሜውም ይታይ፤ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ያደገ ባክቴሪያ ይመረጣል። የሰነበተ ከሆነ ግድግዳው ስለሚላላ ግራም ፖዘቲቭ የሆነው ራሱ ሐምራዊውን ይለቃል።

ባክቴሪያ ማሳደግ የሚፈቀደው ለዚያ በተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። ይህ የሌለው ተማሪ ከጥርሱ ሥር በንጹሕ እንጨት የሚወስደው ናሙና ይበቃዋል፤ ሐምራዊም ሮዝም፣ ክብም ዘንግም፣ የአፍ ሽፋን ሕዋሶችም አብረው ይገኙበታል።

ንጣፉ በአየር ይድረቅ። ለማፋጠን እሳት ላይ መያዝ ጥሩ ልማድ አይደለም፤ እርጥቡ ስሚር ይፈላል። ከደረቀ በኋላ ስላይዱን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በነበልባሉ ውስጥ ያሳልፉት። ከመዳፍ ጀርባ ሲነካ መሞቁ ይታወቅ እንጂ አያቃጥል። ሜታኖል ያለው ሰው በምትኩ ጥቂት ጠብታ አፍስሶ እስኪተን ቢያቆየው የሕዋሶቹ ቅርጽ ይበልጥ ይጠበቃል።

የስሚሩን ውፍረት ለማወቅ ስላይዱን በታተመ ጽሑፍ ላይ ያኑሩት። ጽሑፉ በስሚሩ ውስጥ ካልተነበበ ወፍራም ነውና እንደገና ይሥሩት። ይህን ምክር ሰምቶ የማይተገብር ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም «ብዙ ባክቴሪያ ካለ በደንብ ይታያል» ብሎ ያስባል። ወፍራም ስሚር ግን አልኮሉ ወደ ውስጥ እንዳይደርስ ስለሚያግድ፣ ከላይ ያለው ሮዝ ከሥር ያለው ሐምራዊ ይሆናል፤ ያኔ ማንም ሰው ትክክለኛ መልስ ከስላይዱ አያገኝም።

ደረጃ 3፦ ማቅለም

ስላይዱን በመደርደሪያው ላይ አግድም ያስቀምጡ።

1. ስሚሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈን ክሪስታል ቫዮሌት ያፍስሱ። 1 ደቂቃ ይጠብቁ።

2. ስላይዱን ዘንበል አድርገው በቀስታ በሚወርድ ውሃ ያለቅልቁ። ውሃው ከስሚሩ በላይ ካለው ባዶ መስታወት ላይ አርፎ ይፍሰስ እንጂ በቀጥታ አይምታው። እዚህ ላይ አይቆዩ፤ አዮዲን ገና ስላልያዘው ሐምራዊው በተራ ውሃ ብቻ እንኳ ሊታጠብ ይችላል። ጥቂት ሰከንድ ይበቃል።

3. የቀረውን ውሃ ያንጠፍጥፉና አዮዲን ያፍስሱ። 1 ደቂቃ። ያለቅልቁ።

4. አልኮል። ከታች በስፋት አለ።

5. ሳፍራኒን፣ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ። ያለቅልቁ።

6. ስላይዱን አቁመው ያድርቁት ወይም በሚመጥ ወረቀት ይጫኑት። አይጥረጉት።

በዚህ ሁሉ መሃል ምን እየሆነ ነው? ክሪስታል ቫዮሌት ፖዘቲቭ ሙል ስላለው የሁለቱንም ዓይነት ባክቴሪያዎች ግድግዳ አልፎ ገብቶ ይያያዛል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሐምራዊ ነው። አዮዲኑ ሲመጣ ከቀለሙ ጋር ተጣምሮ በውሃ የማይሟሟ ትልቅ ውህድ ይሠራል። ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎች ከ20 እስከ 80 ናኖ ሜትር የሚወፍር የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳ አላቸው፤ አልኮሉ ይህን ግድግዳ ውሃውን አሟጦ ያኮማትረዋል፤ ትልቁ ውህድም መውጫ ያጣል። የግራም ኔጋቲቮቹ ፔፕቲዶግላይካን ስስ ሲሆን በላዩ ስብ የበዛበት ውጫዊ ሽፋን አለ። አልኮሉ ሽፋኑን ያሟሟና ሐምራዊው በቀዳዳው ይወጣል። ባዶ የቀሩትን ሳፍራኒን ሮዝ ያለብሳቸዋል። ሳፍራኒን ግራም ፖዘቲቮቹ ላይም ያርፋል፤ ሐምራዊው ስለሚጫነው ብቻ ነው የማይታየው።

አልኮሉ

ልዩነቱ እንግዲህ በፍጥነት ብቻ ነው። ግራም ኔጋቲቭ ቶሎ ይለቃል፤ ግራም ፖዘቲቭ ይዘገያል። ጊዜ ከተሰጠው ሁሉም ይለቃል። ጀማሪዎች «ፖዘቲቭ ማለት የማይለቅ» ብለው ስለሚይዙት አልኮሉን አፍስሰው ሰዓት ወደ ማየት ይሄዳሉ፤ እኔ የምመክረው ግን ሰዓቱን ሳይሆን ስላይዱን ማየት ነው።

ስላይዱን 45 ዲግሪ ያህል ዘንበል አድርገው በነጭ ነገር ላይ ይያዙት። ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ገበታ ከሌለ የሚወርደው ፈሳሽ መቼ እንደጠራ በትክክል አይለይም። ከስሚሩ በላይ አልኮሉን ጠብታ በጠብታ ያውርዱ። በመጀመሪያ የሚወርደው ጥቁር ሐምራዊ ነው፤ ከዚያ ይሳሳል። ከስሚሩ ታችኛ ጠርዝ የሚወርደው ጠብታ ጠርቶ ሲታይ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ በውሃ ያቁሙት። በ95 በመቶ ኤታኖል ይህ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይወስዳል። አሴቶን በተቀላቀለበት 5 ሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ንጹሕ አሴቶን የሚጠቀሙ አሉ፤ እሱ አንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ስለሚሰጥ ለሠለጠነ እጅ ይቆይ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጠራ ጠብታ ማለት ከስሚሩ ቀጭን ክፍል የሚወርደው ነው። በስሚሩ መሃል ወፍራም ጉብታ ካለ ከእሱ ሐምራዊ መውረዱን አያቆምም፤ እሱን ለማጥራት ሲባል ቀጭኑ ክፍል ከመጠን በላይ ይታጠባል። ስለዚህ ጉብታውን ይተዉት፤ የሚያነቡት ቀጭኑን ነው።

ውሃው ቀድሞ ይከፈት። አልኮሉን ጨርሶ ቧንቧ ለመክፈት እጁን የሚዘረጋ ሰው ሦስት ሰከንድ ያባክናል፤ ሦስት ሰከንድ ደግሞ እዚህ ብዙ ነው።

ደረጃ 4፦ ማረጋገጫ ስላይድ

የታወቁ ሁለት ባክቴሪያዎች በእጅ ከሌሉ የተገኘውን ውጤት ማመን አይገባም። በተለምዶ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ለፖዘቲቭ፣ ኢ ኮላይ ለኔጋቲቭ ያገለግላሉ። የምመርጠው ሁለቱን ከናሙናው ጋር በአንድ ስላይድ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ማድረግ ነው፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት አልኮል ለአንድ ዓይነት ጊዜ ያገኛሉ። ስታፊሎኮከሱ ሮዝ ከሆነ አልኮሉ በዝቷል። ኢ ኮላዩ ሐምራዊ ከሆነ አንሷል። ሁለቱም እንደ ስማቸው ሲሆኑ ብቻ ናሙናው ይነበባል።

ከታማሚ በተወሰደ ናሙና ላይ ተፈጥሮ ራሷ ያስቀመጠችው ማረጋገጫም አለ። የነጭ የደም ሕዋሶች ኒውክለስ በአልኮል በትክክል ከታጠበ ሮዝ መሆን አለበት። ሐምራዊ ሆኖ ካዩት ስላይዱ በቂ አልኮል አላገኘምና በዙሪያው ያሉት ሐምራዊ ባክቴሪያዎች አያስተማምኑም።

ደረጃ 5፦ ማንበብ

መጀመሪያ 10 ጊዜ በሚያጎላው ሌንስ ስላይዱን ይቃኙና ሕዋሶቹ ሳይደራረቡ ለየብቻ የቆሙበትን ቦታ ያግኙ። ከዚያ አንድ ጠብታ የዘይት ማጥለቂያ አድርገው 100 ጊዜ ወደሚያጎላው ይለፉ፤ ከዓይን ሌንሱ ጋር 1000 ጊዜ ይሆናል። ኮንደንሰሩን (ከስላይዱ ሥር ብርሃን የሚሰበስበውን ሌንስ) ወደ ላይ ያንሱ፤ ብርሃኑን ይጨምሩ። ብዙ ሰው «ቀለሙ አልወጣም» የሚለው ኮንደንሰሩ ወደ ታች ስለወረደ ነው።

ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ቀለም፣ ቅርጽ፣ አሰላለፍ። ሐምራዊ፣ ክብ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰበ ከሆነ «ግራም ፖዘቲቭ፣ ክብ፣ በዘለላ» ይባላል። ሰንሰለት የሠራ፣ ጥንድ ጥንድ የሆነ፣ ሮዝ ዘንግ የሆነ፣ እንደታየው ይመዘገባል። «ስታፊሎኮከስ ነው» ብሎ መጻፍ ግን ከቀለሙ አቅም በላይ ነው፤ ስም የሚሰጡት ቀጣዮቹ ምርመራዎች ናቸው። የእርሾ ሕዋሶችም ሐምራዊ ሆነው ይታያሉ፤ በትልቅነታቸውና በሚያወጡት እምቡጥ ይለያሉ።

ዘዴው የማይሠራላቸውም አሉ። ማይኮፕላዝማ ግድግዳ የለውም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግድግዳው በሰም የተሞላ ስለሆነ ቀለሙን በሚገባ አይቀበልም። ባሲለስና ክሎስትሪዲየም ፖዘቲቭ ሆነው ሳሉ፣ በተለይ ሲያረጁ፣ በቀላሉ ሐምራዊውን ይለቃሉ። አሲኔቶባክተር ደግሞ ኔጋቲቭ ሆኖ ሳለ ሐምራዊውን አልለቅም ይላል። ታማሚው አንቲባዮቲክ ጀምሮ ከነበረም ግድግዳው ስለሚጎዳ ፖዘቲቩ ሮዝ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥርጣሬ ከቀረ አንድ ርካሽ ዘዴ አለ። በስላይድ ላይ አንድ ጠብታ የ3 በመቶ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ያኑሩና ጥሩ አድርጎ የሚታይ መጠን ያለው ባክቴሪያ እስከ 1 ደቂቃ ያማስሉበት። ግራም ኔጋቲቭ ከሆነ ግድግዳው ይፈርስና ዲኤንኤው ይወጣል፤ ሉፑን ሲያነሱት ፈሳሹ እንደ ክር ይሳባል። ፖዘቲቩ አይሳብም።

ያው ቀለም በቁስል ላይ

እ.ኤ.አ. በ1912 ጆን ቸርችማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጄንሺያን ቫዮሌት ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎችን ከእድገት ሲያግድ አብዛኞቹን ኔጋቲቮች እንደማይነካ አሳየ። ስላይድ ላይ የሚታየው ክፍፍል በሕይወት ባሉትም ላይ ይሠራል ማለት ነው፤ የኔጋቲቮቹ ውጫዊ ሽፋን ለቀለሙ አጥር ይሆንባቸዋል። ካንዲዳ የተባለውን የአፍ ፈንገስም ይገድላል።

ለቆዳ የሚያገለግለው በ0.5 በመቶ የተዘጋጀው ነው። እጅን ታጥቦ፣ መግሉንና ቅርፊቱን በሳሙናና በውሃ አለስልሶ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ መቀባት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን። በዓለም ጤና ድርጅት የሕጻናት ሕክምና መመሪያዎች ለአፍ ቁስል የሚታዘዘው ግማሽ የቀጠነው፣ 0.25 በመቶው፣ ነው። ወደ ሥጋው የከፈተ ጥልቅ ቁስል ላይ አይቀባ፤ ሲድን ሐምራዊው ከቆዳ ሥር እንደ ንቅሳት ይቀራል። የሚዋጥም አይደለም። የካናዳ የጤና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 ለካንሰር ያለውን ስጋት ጠቅሶ ሕዝቡ በቆዳም በአፍም እንዳይጠቀምበት አስጠንቅቋል፤ ስለዚህ ሌላ መድኃኒት ካለ ሐኪምን ማማከሩ ይሻላል።

በደረጃ 1 የተዘጋጀው ጠርሙስ ግን በምንም መንገድ ወደ ሰው ገላ አይሂድ። 2 በመቶ ነው፤ መርዛማ አሞኒየም ኦክሳሌትም አለበት። በውሃ አቅጥኖ መድኃኒት ማድረግ አይቻልም። ቀለማቸው አንድ ስለሆነ ሁለቱ ጠርሙሶች በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡ።

ዕድፉና ፍሳሹ

እጅ ላይ የነካው በ70 በመቶ አልኮል ብዙውን ይለቃል፤ የቀረው ቆዳው ራሱን ሲያድስ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ጠረጴዛና ገበታ ላይ የፈሰሰውን መጀመሪያ በወረቀት ያስመጡ፤ ዕድፉን በአልኮል ይጥረጉ። በረኪናም ቀለሙን ያጠፋል፤ ነገር ግን አሲድ ወይም አልኮል በነካው ቦታ ላይ አይፍሰስ፤ መርዛማ ጋዝና ውህዶች ይፈጠራሉ።

ክሪስታል ቫዮሌት ለዓሣና ለሌሎች የውሃ ፍጥረታት መርዛማ ነው፤ በአፈርና በውሃ ውስጥም ቶሎ አይበሰብስም። ከመደርደሪያው ሥር ገበታ አስቀምጠው የመጀመሪያውን እጣቢ በጠርሙስ ያጠራቅሙ። የነቃ ከሰል ቀለሙን ከውሃ ውስጥ ስቦ ይይዛል፤ ውሃው ከጠራ በኋላ ከሰሉ እንደ ኬሚካል ቆሻሻ ይወገዳል። የአልኮሉ ፍሳሽ ተቀጣጣይ ስለሆነ በተለየ ጠርሙስ ይሁን። የተነበቡት ስላይዶች በሹል ነገሮች መጣያ፣ ባክቴሪያው ያደገበት ዕቃ ደግሞ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት በሚያመክነው ዕቃ) ከተቀቀለ በኋላ ብቻ ይጣላል።